ያውቁ ኖሯል? ሐኪም ጋራና የመኪና ሬዲዮ
ከሐረር በስተደቡብ የቆመው ሐኪም ጋራ ለመኪና አማተር ሬዲዮ ምቹ ስፍራ ነው። የ144 ሜጋኸርዝ ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ ከዙሪያው 300 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና፣ የሚጋርደው ከሌለ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። «ሞባይል እያለ ለምን?» ይባል ይሆናል። ሞባይል ግን ማማው መብራት ሲያጣ ወይም በአደጋ ጊዜ ሁሉም በአንዴ ሲደውል ሊቋረጥ ይችላል፤ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሠሩ ሁለት ሬዲዮዎች ማማ አያስፈልጋቸውም። ጋራው ራሱ ሞገድ ይጋርዳል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ከጀርባው ያለ መኪና ላይሰማ ይችላል። ለዚህ ነው ረጅም መንገደኛ 7 ሜጋኸርዝንም መያዝ አለበት የምለው፤ ይህ ሞገድ ከከፍተኛው የአየር ንብርብር ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ተራራ ተሻግሮ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። እዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢቲ3ኤኤ የተባለው የአማተር ክበብ ጣቢያ ይገኛል። ለማሰራጨት ግን ፈቃድ ግድ ነው።