ልጃችንን የምትይዘውን ልጅ ማን ያሳያታል?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በፍኖተ ሰላም መንደሮች ውስጥ ያለፈ ሰው፣ እናቶች ወደ ቢሮና ወደ ሱቅ ሲጣደፉ፣ ሕፃን ያዘሉ ልጃገረዶች በየአጥሩ በር ቆመው ሲሸኟቸው ያያል። ብዙዎቹ ከጃቢ ጠህናን፣ ከወምበርማ፣ ከሰከላና ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጡ ናቸው። አንዷን ደላላ አምጥቷታል፤ ሌላዋን አያት «የዘመድ ልጅ ናት» ብላ ልካታለች፤ አንዳንዷ ደግሞ የቀበሌዋ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ነው የመጣችው። በዚህ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች በነርስነት ስሠራ፣ ሕፃን ይዘው ለክትባት ከሚመጡት ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ነበሩ። «ምን በላ?» ስላቸው መልሳቸው ያው ነው፦ «እትዬ ያለችኝን።» እትዬ ያለችው ምን እንደሆነ ስጠይቅ ግን ዝም ይላሉ። የነገራቸው የለም።

ጎጃም ጤፉ፣ ስንዴው፣ በቆሎው፣ ማሩና ቅቤው ለሌላ የሚተርፍ አገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ከመቶ ነበር። ችግሩ የእህል እጥረት ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑ አፍ የሚገባው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሆነም ጭምር ነው። ከተማ ውስጥ ያን ማንኪያ ቀኑን ሙሉ የያዘችው ሞግዚቷ ናት።

የወሊድ ፈቃድ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። ሕፃኑ ግን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ውኃም አያስፈልገውም። በመካከሉ ያሉት ሦስት ወራት ናቸው ከባዶቹ። እናትየው ጠዋት ወተቷን በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አልባ ብትሄድ፣ ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሞግዚቷ በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ስኒ ታጠጣው፤ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል፣ ተቅማጥም ያመጣል። አያቶችን አንድ ነገር ልለምን፦ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ ይቅር። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ ለጨቅላ አንጀት አደገኛ የሆነ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ከ6 ወር በኋላ ገንፎ ነው። ሦስት እጅ የስንዴ፣ የገብስ ወይም የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ እጅ ተቆልቶ የተፈጨ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት። ውፍረቱን ለልጅቷ በማንኪያ አሳዩዋት፤ ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ላዩ ላይ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የተፈጨ ዱባ ወይም ካሮት፣ ጎመን፣ ትንሽ ቅቤ ይጨመርበት። አቮካዶና ማንጎ አካባቢያችን ያበቅላቸዋል፤ በሹካ ፈጭቶ መስጠት ነው። እስከ 8 ወሩ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይብላ፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥል።

በጾም ወራት ሌላ ጣጣ ይመጣል። «እትዬ፣ በጾም ድስት እንዴት እንቁላል ይቀቀላል?» ትላለች ልጅቷ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት ናትና። ሕፃን አይጾምም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። የሚያስጨንቃት ዕቃው ነው። ስለዚህ ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ግዙ። እንደኔ እንደኔ በገበያ ከሚሸጡት አሻንጉሊቶች ሁሉ ይህ ድስት ይበልጣል።

ስለ ጨዋታ ብዙ አልልም፤ ልጅቷ ከእኛ ትበልጣለች። እሽሩሩውን፣ አኩኩሉውን፣ ተረቱንና እንቆቅልሹን ከቀዬዋ ይዛ መጥታለች፤ ግን «እንዳታፍር» ተብላ ስልክ ላይ ካርቱን ትከፍታለች። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስልክ አይጠቅመውም። እያወራችው ታጥበው፣ እያወራችው ታብላው። ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ አይታዘል፤ ምንጣፍ ላይ ይውረድ፣ ይዳህ። ሳንቲም፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ግን እጁ አይግባ፤ ያንቃል።

አደጋውን ለይታችሁ አሳዩዋት። ላምባና በረኪና በውኃ ላስቲክ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ ለማስታወክ አይሞከር፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። የፈላ ጀበና ወይም ሽሮ ካቃጠለው፣ 20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና የቡና አተላ አይቀባም። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል አይነድ። ተቅማጥ ከያዘው ኦ.አር.ኤስ. በየጊዜው በማንኪያ ይሰጠው፣ ጡቱም አይቋረጥ። ይህን ሁሉ ለማታነብ ልጅ በወረቀት ጽፎ መሄድ ዋጋ የለውም። ሳምንት ያህል አብራችሁ ዋሉ፤ አንድ ቀን እናንተ ሥሩ፣ በማግስቱ እሷ ትሥራ። የጎረቤት ስልክ ቁጥርም በስልኳ ይመዝገብላት።

ስለ ልጅቷ ራሷም እናውራ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለሥራ አይቀጠርም። የቤት ሠራተኛ ግን ከዚያ አዋጅ ውጪ ናት፤ ያላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ ማደሪያ፣ ምግብና ዕረፍት ጤናዋን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያመቻች አሠሪውን ያስገድዳል። ሌሊት ከሕፃን ጋር ያደረች ልጅ ቀን ተኝታ ካልካሰች፣ እሳት አጠገብ ማንቀላፋቷ አይቀርም። ቡሬ የምትኖር የማውቃት አንዲት እናት ከልጅቷ ተያዥ ጋር ስትስማማ ሦስት ነገር አስገባች፦ ደመወዙ ለደላላ ሳይሆን ለልጅቷ በእጇ ይሰጣል፣ እሑድ ከሰዓት የራሷ ነው፣ የማታ ትምህርት ሲከፈት ትመዘገባለች። ማታ ማታ እናትየው ሕፃኑን ታቅፋ፣ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ትወጣለች። አሁን የክትባት ካርዱን ቀጠሮ የምታነበው እሷ ናት።