«ክሬዲቱ ይያዛል» ያላችሁ ማን ነው?

ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ቤት ከገባሁ ልጆቹ አያስጽፉኝም፣ ንዴቴም ይበርዳል። እንዲበርድ ደግሞ አልፈልግም።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ሥራዬ እዚህ አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ትራንስክሪፕት አይቼ «ይሄ ይያዛል፣ ይሄ አይያዝም» እላለሁ። ሰው ሲፈርድብኝ «ሀበሻ ሆና ሀበሻ ላይ ትጨክናለች» ይላል። ይበል።

ዛሬ የአንድ የአገሬ ሰው ፋይል ደረሰኝ (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ለመጨረስ 90 ክሬዲት ይዞ መጥቷል። ሌሊት እየነዳ ቀን እያጠና የሰበሰበው ነው፤ አንዱም የውሸት አይደለም። ዲግሪው ውስጥ ቦታ ያገኘው ግን ከግማሽ በታች ነው። ስነግረው «ልጄ፣ የተከበረ አማካሪ እኮ ነው የመራኝ፣ ከፍዬው!» አለኝ። አማካሪው ቲክቶክ ላይ «ዲግሪ በሦስት ወር» የሚል ሰውዬ ነው።

መንገዱ ራሱ ትክክል ነው። ይሄን አስምሩበት፤ «ኦንላይን ክሬዲት ማጭበርበር ነው» የሚሉትንም እኩል አልወዳቸውም። በፈተናና በኦንላይን ኮርስ ክሬዲት ሰብስቦ፣ ቀሪውን እውቅና ባለው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ በትንሽ ወጪ ትክክለኛ የቢዝነስ ባችለር የያዘ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ስለዚህ በቁጥር ልሂድ።

1. መጀመሪያ የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ፈተናው አይደለም፣ ሶፊያ የሚባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክም አይደለም። ለትልቅ ሰው ተብለው የተቋቋሙ አሉ፦ ኒው ጀርሲ ትሬንተን ያለው ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ኮኔቲከት ያለው ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅ፣ ኒው ዮርክ አልባኒ ያለው ኤክሴልሲየር። ሦስቱም ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የተጀመሩ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ክሬዲት በብዛት መቀበል ሥራቸው ነው። ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰው ቅርቡ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስ ነው፤ ለባችለር ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት እስከ 90 ድረስ ከውጭ ይቀበላል። ደብሊው ጂ ዩ (ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ) ደግሞ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ከፍላችሁ የቻላችሁትን ያህል ኮርስ የምትጨርሱበት ነው፤ ለቢዝነስ ክፍያው 4 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። እውቅናውን የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዳታቤዝ ላይ ራሳችሁ ፈልጉ፤ ዳፒፕ ይባላል፣ ነጻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት «እውቅና አለኝ» ስላለ አትመኑ።

2. ኤሲኢ ክሬዲት አይሰጥም! አይሰጥም! አሜሪካን ካውንስል ኦን ኤዱኬሽን ኮርሱን ወይም ፈተናውን አይቶ «ይሄ ለሦስት ክሬዲት ይበቃል» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። መቀበልና አለመቀበል የዩኒቨርሲቲው ሥልጣን ነው። የኦንላይን ኮርስ የሚሸጡት ሶፊያና ስተዲ ዶት ኮም ዩኒቨርሲቲ አይደሉም፤ ዲግሪም አይሰጡም። «በኤሲኢ የጸደቀ ስለሆነ የትም ይያዝልሃል» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይሸጣል።

3. ክሌፕ። ኮሌጅ ቦርድ ከ1967 ጀምሮ የሚያካሂደው ፈተና ነው፤ ዛሬ 34 ትምህርት አለው። አንዱ ፈተና 100 ዶላር ገደማ ነው (የፈተና ጣቢያው የራሱን ይጨምራል)፤ ካለፋችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክሬዲት ነው። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን ኤሲኢ ማለፊያ የሚለው 50 ነው። ከወደቃችሁ ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ። ለቢዝነስ የሚጠቅሙት ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ፣ ቢዝነስ ሎው፣ ፋይናንሺያል አካውንቲንግ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ ማክሮና ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ናቸው። ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ኮርሱን በነጻ አስተምሮ፣ ስትጨርሱ የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ይሰጣል። በነጻ! ዛሬ ያየሁት ሰው ይሄን ማንም አልነገረውም። አማካሪው ለምን ይነግረዋል? ዲኤስኤስቲ የሚባል ሌላ ፈተናም አለ፤ ፋይናንስ፣ ሂዩማን ሪሶርስ፣ መኒ ኤንድ ባንኪንግ የመሳሰሉ ክሌፕ ላይ የሌሉ ትምህርቶች እዚያ ይገኛሉ።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር።

«90 ክሬዲት አለኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ዲግሪ የክሬዲት ድምር አይደለም፤ የሳጥኖች ስብስብ ነው። አንዱ ሳጥን ጠቅላላ ትምህርት ነው፣ አንዱ የቢዝነስ መሠረታዊ ኮርሶች፣ አንዱ ሜጀሩ፣ የመጨረሻው ደግሞ ፍሪ ኢሌክቲቭ። ክሬዲታችሁ እዚህ ሲደርስ የእኔ ሥራ እያንዳንዱን ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት ነው። ቦታ ያጣው ሁሉ ፍሪ ኢሌክቲቭ ውስጥ ይወርዳል። ያ ሳጥን ደግሞ ትንሽ ነው፤ ቢዝነስ ላይማ በጣም ትንሽ። ሲሞላ ትርፉ ትራንስክሪፕቱ ላይ «ተቀብለናል» ተብሎ ይጻፍላችኋል፣ ለዲግሪው ግን አንድ ኮርስ እንኳ አይቀንስላችሁም። ሰው ወረቀቱን አይቶ ደስ ይለዋል። «ሁሉም ተያዘልኝ!» ብሎ ቤተሰቡን የጋበዘ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ደረጃው ነው። የ100ና የ200 ቁጥር ያላቸው ኮርሶች ታችኛው ደረጃ ናቸው፣ የ300ና የ400ዎቹ ላይኛው። የቢዝነስ ባችለር የላይኛውን ደረጃ በብዛት ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ክሌፕ ሁሉም ማለት ይቻላል ታችኛው ደረጃ ነው። ሶፊያም በአብዛኛው እንደዚያው። ስተዲ ዶት ኮም ላይ ላይኛው ደረጃ ይሻላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሃያ ፈተና አልፎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሊሸፍን ይችላል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን አልነካም። ዛሬ የሆነው ይሄ ነው። የሥነ ልቦና መግቢያ አለው፣ የሶሲዮሎጂ መግቢያ አለው፣ የአሜሪካ ታሪክ አንድና ሁለት አለው፣ የሥነ ጥበብ መግቢያ አለው፣ የአካባቢ ሳይንስ አለው። መግቢያ፣ መግቢያ፣ መግቢያ። ወደ ቤቱ መቼ ይግባ?

«ቀላሉን ፈተና መጀመሪያ ውሰዱ» የሚለው ምክር ነው ይሄን ያመጣው። ቀላል መሆኑ ሳይሆን ሳጥን ያለው መሆኑ ነው መጠየቅ ያለበት። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን እዚሁ ልመልስ፦ አክትፍል የሚባለው የንግግር ፈተና አማርኛ አለው፤ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ካገኛችሁ በገዛ ቋንቋችሁ ክሬዲት ታገኛላችሁ። ደስ ይላል። ግን ቢዝነስ ላይ እሱም ብዙ ጊዜ ፍሪ ኢሌክቲቭ ነው። ቦታ ካላችሁ ውሰዱት።

4. ሶፊያ በወር 99 ዶላር ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ኮርስ መክፈት ይቻላል። ጎበዝ ሰው በወር ብዙ ይጨርሳል። ነገር ግን ሶፊያም ክሌፕም ጂፒኤ የላቸውም፤ «አልፏል» ብቻ ነው። ማስተርስ የምታስቡ ከሆነ ጂፒኤያችሁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በወሰዳችኋቸው ጥቂት ኮርሶች ብቻ ይሰላል፤ እነሱ ላይ መድከም ነው። ሲፒኤ (የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) የምታስቡ ደግሞ አካውንቲንጉን በፈተና ከመውሰዳችሁ በፊት የስቴታችሁን ቦርድ ጠይቁ። እኔ ብሆን አካውንቲንግን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ በግሬድ እወስደዋለሁ።

የፋይናንሻል ኤይዱ ነገር (ይሄ 2 ላይ መግባት ነበረበት፣ ተዉት)። የፔል ግራንት ለሶፊያና ለክሌፕ አይከፍልም። ከኪሳችሁ ነው። ፔል ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለምትወስዱት ነው፣ የዕድሜ ልክ ጣሪያውም የ12 ሴሚስተር ያህል ነው። አሁን ደግሞ የሚያሳፍረው ምክር፦ «የአገር ቤቱን ዲግሪ አትናገሩ፣ ፔል ይቀርባችኋል።» አዎ፣ ባችለር ያለው ሰው፣ ከኢትዮጵያም ቢሆን፣ ለሁለተኛ ባችለር ፔል አያገኝም። መደበቅ ግን ለፌዴራል መንግሥት ውሸት መፈረም ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ፣ ዜግነት እየጠበቃችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ የምትፈርሙት ለምንድን ነው? ደግሞ የአገር ቤት ባችለር ያለው ሰው ሁለተኛ ባችለር የሚፈልገው ለምንድን ነው? አስገምግሞ፣ በቀጥታ ማስተርስ መግባት የሚችል ሰው ስንቴ አግኝቼ መለስኩ።

አገር ቤት ጀምራችሁ ላቋረጣችሁ፦ ትራንስክሪፕታችሁ እዚህ ያለው የገምጋሚ ድርጅት ጋ ሲሄድ ኮርስ በኮርስ የሚለውን ክፈሉ። ጠቅላላውን ግምገማ ብቻ ይዛችሁ ስትመጡ «ሁለት ዓመት ተምሯል» ከማለት በቀር ምንም አይነግረኝም። የትኛውን ኮርስ የት ላስገባው? ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ ተብሎ አንድ ሙሉ ዓመት ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ቢሮዬም ያንብበው። ይሄ ሁሉ አማካሪ ነኝ ባይ የሚበዛው የእኛ ተቋማት ግልጽ ስለማይናገሩ ነው። የትኛው ፈተና የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ መለጠፍ ስንት ይፈጃል? አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይለጥፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማመልከቻ ክፈሉ፣ ተቀባይነት አግኙ፣ ከዚያ እንነግራችኋለን ይላል። ስልክ ሲደወል አድሚሽን ወደ አድቫይዘር፣ አድቫይዘር ወደ ሬጅስትራር ይመራል፤ ሬጅስትራር ማለት እኔ ነኝ፣ ስልኬ ደግሞ ለተማሪ አይሰጥም። ማታ ሥራ ያለው ሰው ቀን ሰልፍ ይያዝ? ሰውየው ቲክቶክ ላይ መልስ ቢፈልግ እፈርድበታለሁ?

የአገር ቤት ሬጅስትራሮችም አያመልጡኝም። ኮስት ሼሪንጉን ካልከፈላችሁ ዋናው አይወጣም፤ ተከፍሎም ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክ ሲባል «ኃላፊው መስክ ወጥቷል» ነው። እዚህ የገምጋሚው ድርጅት ብዙ ጊዜ ፖስታውን ከተማሪው እጅ አይቀበልም፣ እዚያ ደግሞ ለተማሪው ካልሆነ አይሰጡም። መሐል ላይ የአክስት ልጅ በየመስኮቱ ይንከራተታል። የአንድ ማኅተም ነገር እኮ ነው!

ስንተኛ ቁጥር ላይ ነበርኩ? ይቅር። የቀሩትን ባጭሩ።

ስታርባክስ የምትሠሩ፦ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የመጀመሪያ ባችለር የማስተማር ፕሮግራም አለው። አማዞን መጋዘን የምትሠሩም ካሪየር ቾይስ የሚባለውን የድርጅቱን የትምህርት ድጋፍ ጠይቁ። ነጻ ትምህርት እያለ በክሬዲት ካርድ ሶፊያ የሚከፍል ሰው አያለሁ።

በተማሪ ቪዛ ያላችሁ፦ ሶፊያና ክሌፕ ቪዛችሁን አይጠብቁም። ሙሉ ጊዜ መመዝገብ አለባችሁ፣ በኦንላይን የሚቆጠርላችሁም በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ያለውን የቪዛ ኃላፊ ሳትጠይቁ ምንም አታድርጉ።

አገር ቤት ተመልሳችሁ ለመሥራት የምታስቡ፦ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይጠይቃችኋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

«በሥራ ልምድህ ብቻ፣ ያለ ፈተና፣ በሁለት ሳምንት» የሚል ካገኛችሁ ሩጡ። በ2015 የፓኪስታኑ ኩባንያ አክዛክት የሐሰት ዲግሪ ሲሸጥ እንደነበር ኒው ዮርክ ታይምስ አጋልጧል። በጥር 2023 ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጡን የፌዴራል አቃቤ ሕግ ይፋ አደረገ። ገዝተው ሥራ ከያዙት መካከል ፈቃዳቸው የተሰረዘባቸው አሉ። ትክክለኛ ተቋምም ለሥራ ልምድ ክሬዲት ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ማስረጃ አስቀርቦ፣ ገምግሞ ነው እንጂ ካርድ ቁጥር ተቀብሎ አይደለም።

ሊረዳችሁ የሚችለው አንድ ኢሜይል ነው። አንድ ፈተና ከመክፈላችሁ በፊት ለመረጣችሁት ዩኒቨርሲቲ ጻፉ፦ በየትኛው ዓመት ካታሎግ ነው የምመዘነው? ይሄ ፈተና የትኛውን የዲግሪ መስፈርት ይሞላል? ታችኛው ደረጃ ነው ላይኛው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተባለውን እኔም አላምንም፣ አለቃዬም አታምንም። ቢቻል ቶሎ ተመዝገቡ፤ ያልተመዘገበ ሰው ላይ ካታሎጉ ሲቀየር የሚከላከልለት የለም።

ትራንስክሪፕታችሁን ደግሞ በኢንቦክስ አትላኩልኝ። የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ አንዳንዴ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበት ወረቀት ቴሌግራም ላይ አይላክም፤ የማላውቀውን ዩኒቨርሲቲ ወክዬም መልስ አልሰጥም። ጥያቄ ካላችሁ የዩኒቨርሲቲውንና የኮርሱን ስም ብቻ ኮመንት ላይ ጻፉ፤ ቅዳሜ ማታ እመልሳለሁ።