ሐረግ የወረሰው ድንጋይ በፎቶግራፍ ዓይን

አንባቢ ሆይ፤ ካሜራ ወይም ካሜራ ያለበት የእጅ ስልክ ካለህ የመጀመሪያው ፎቶግራፍህ የጓደኛህ ፊት፣ ሁለተኛው የሠርግ ቤት፣ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ የተሠራ ፎቅ ሳይሆን አይቀርም። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ሰው ሠርቶት፣ ተጠቅሞበት፣ በኋላም ጥሎት የሄደውን ነገር ሣርና ሐረግ፣ ዝናብና ዝገት ቀስ በቀስ ሲወርሱት ተመልክቶ በፎቶግራፍ ማስቀረት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሌላው ዓለም ይህን ብቻ በማንሣት ዕድሜያቸውን የሚፈጁ ሰዎች አሉ። በእኛ አገር ግን የሚነሣው ሞልቶ ሳለ አንሺው ጥቂት ነው።

የማስተምረው በፍኖተ ሰላም ነውና ከደጃችን ልጀምር። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠው የጣልያን ጦር፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና የአገሩ አርበኞች ስላስጨነቁት ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ደምበጫ አጠገብም ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ብርቱ ውጊያ ገጠመ። እንግዲህ ከቡሬ እስከ ደምበጫ በአውቶቡስ ስትጓዝ በመስኮት የምታያቸው የጤፍና የበቆሎ ማሳዎች ይህን ሁሉ አይተዋል። እንዲህ ባለ አገር ማረሻ የጥይት ቀለህ ቢያወጣ የሚደነቅ የለም። ምሽግ የነበረበትን ኮረብታ ለማወቅ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቅ፤ ድንጋዩ ለቤት መሠረትና ለአጥር ተወስዶ ቢሆን እንኳ የቦይው ሰርጓዳ መሬት ላይ ሊቀር ይችላል፤ በጠዋት ፀሐይም ጥላው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ብታገኝ አትንካው። ዝገት ስለ በላው ዕድሜ የገራው አይምሰልህ።

ብረት እርጥበትና አየር አንድ ላይ ካገኙት ይዝጋል፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ ለዝገት የተመቸ ነው። ቢሆንም ከዝገት ይልቅ ብረትን ቶሎ የሚጨርሰው ቁራሌው ነው። በ1983 ዓ.ም. ካበቃው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በሰሜን አውራ መንገዶች ዳር ቀርተው የነበሩ ታንኮች ለብዙ ዓመት ለእረኛ መቀመጫ፣ ለፍየል መውጫ ሆነው ነበር። እንዲህ ያለውን ስታይ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አትበል። ተቆርጦ ከተጫነ በኋላ የሚቀረው ፎቶግራፉ ብቻ ነው።

ድንጋይ የሚወረሰው በሌላ መንገድ ነው። አስቀድሞ የድንጋይ ሽበት ይለብሳል፤ በስንጥቁ አቧራ ይከማችና ሣር ይበቅላል። ከዚያም የሾላ ወይም የዋርካ ፍሬ የበላች ወፍ መጥታ ዘሩን ትጥልበታለች። የዚህ ወገን ዛፎች በግንብ ስንጥቅ ላይ በቅለው ሥራቸውን በግድግዳው ላይ ወደ ታች መስደድ ይችላሉ። ጎንደር በሚገኘው የፋሲል መዋኛ የዛፎቹ ሥር የአጥሩን ግንብ እንደ እጅ ጣት ጨብጦት ይታያል። ጥምቀት ለማክበር የሚሄደው ሕዝብ፣ ከአገር ጎብኚም የሚበዛው ይህን ሳያነሣ አይመለስም። ሥሩ ግንቡን ይደግፈዋልን ወይስ ያፈርሰዋል? መልሱ ሁለቱም ነው። ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋዋል፤ ቢቆረጥ ደግሞ የያዘው ድንጋይ ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር መወሰን ቅርስ ጠባቂውን የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ግን ግንቡ ላይ ባለመውጣትና ሥሩን ባለመነካካት ብቻ ብዙ ይረዳዋል።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል። የቀትር ፀሐይ ድንጋይን ሁሉ አንድ መልክ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በማለዳ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ አንሣ። አረንጓዴውን ከፈለግህ ግን ደመና የተሻለ ነው፤ መስከረም፣ አደይ አበባ የፈነዳበት ሰሞን፣ ከሁሉ ይበልጣል። የፍርስራሹ መጠን እንዲታወቅ ሰው ወይም በትር አጠገቡ አቁም። ቀኑንና የቆምህበትንም ስፍራ ጻፍ፤ በዓመቱ እዚያው ቆመህ ታነሣዋለህና። ይህ ጨዋታ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ከዚያው ስፍራ እንደገና አንሥተው ሲያስተያዩ፣ በብዙው ቦታ የዛፉና የቁጥቋጦው ሽፋን ተሻሽሎ አገኙት።

ከሁሉ የበለጠ ልነግርህ የምፈልገው ግን ስለ ሰባራ ድልድይ ነው። ይህ ድልድይ ከሞጣ በስተ ሰሜን፣ ጎጃምንና ቤጌምድርን በሚለየው በዓባይ ላይ ይገኛል፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራም ይነገራል። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ሆነ። የቀረው የድንጋይ ቀስት ከገደሉ ጋር አንድ መልክ ይዞ፣ ከሥሩ ድፍርስ ውኃ እየነጎደ፣ ለእንግዳ እጅግ የሚያምር ፍርስራሽ ነበር። ለባላገሩ ግን የተቋረጠ መንገድ ነው። ወደ ገበያ፣ ወደ ዘመድ ለቅሶ፣ ወደ ሐኪም ለመሄድ የፈለገ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች ጉልበት ክፍተቱን ይሻገር ነበር።

ኔቫዳ ዊር የምትባል አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ይህን አሻጋገር አነሣችው፤ ፎቶግራፉም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ካሜራዋን ወደ ድንጋዩ ብቻ አዙራ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ አምሮ፣ ተመስግኖ፣ በዚያው በቀረ ነበር። እርሷ ግን ገመዱንና ሰዎቹን አስገባች። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ፎቶግራፉን አየና እ.ኤ.አ. በ2001 ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ ሰባራውንም ድልድይ በብረት አያይዞ አስጠገነ። የገመዱ መሻገሪያ ለጊዜው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ይዞት ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከውኃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ በአቅራቢያው ተሠራ። ድርጅቱም ከኢትዮጵያ አልፎ በሌሎች አገሮች ድልድይ ሠርቷል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ ለመሄድ ካሰብህ ከሞጣ ማልደህ ተነሣ። ውኃና ጠንካራ ጫማ ያዝ፤ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ውረድ፤ ድልድይ ፎቶግራፍ ማንሣት በጥርጣሬ የሚያስይዝበት ጊዜ ስለማይጠፋም የወረዳውን ጽሕፈት ቤት አስቀድመህ አስፈቅድ። በበረሃው የምታገኛቸውን ሰዎችም ሳትጠይቅ አታንሣ። ለመመለሻው ዳገት ደግሞ ጉልበት አስቀር።