ጥርስ ሲጠርስ

ሎሚ ሰንጥቆ በጨው የመጠጠ ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥርሶቹን ሲያጋጥም ፊቱን ያጨማድዳል። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ እንደ ወትሮው አይንሸራተቱም፤ ሻክረዋል። «ጥርሴ ጠረሰ» ይላል። ቃሉ የቆየ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ አባቶች በደልና ስለ ልጆች ዕዳ የጠቀሰው የወይን ፍሬ ምሳሌ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚቋጨው በዚሁ ግስ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ይህንን ነገር ሲያስረዱ አሲድ፣ ማዕድን፣ ማሟሟት እያሉ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይሰጣሉ። አማርኛ በአንድ ቃል ጨርሶታል።

የሚጠርሰው ክፍል ኢናሜል ይባላል። ጥርስን ከላይ የሚያለብሰው፣ በሰው አካል ውስጥ ካለው ሁሉ የጠነከረው፣ ከአጥንትም የሚበልጠው ሽፋን ነው። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ካልሲየምና ፎስፌት ተቀናጅተው የሠሩት ጥቃቅን ክሪስታል። ውፍረቱ ግን ስሙን አያክልም። በመንጋጋ ጥርስ ጉብታ ላይ፣ እጅግ ወፍራም በሆነበት ቦታ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት የጤፍ ፍሬ ቢደረደር ማለት ነው። ወደ ድድ በተጠጋ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።

ሌላም ጉድለት አለበት። አጥንት ቢሰበር ይጠግናል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ያገግማል። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ድድን ሰንጥቆ ሲወጣ አብረው ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ የተሸረፈው ተሸረፈ፤ ሰውነት ዳግመኛ አይሠራውም።

አሲድ የሚለካበት ፒኤች የሚባል መለኪያ አለ። ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል። የአፍ ፒኤች ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ ከኢናሜል ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ኮላ መጠጥ 2.5 ገደማ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ከዚያም ሊብስ ይችላል። ልዩነቱ ሦስት ቁጥር ብቻ ይመስላል፤ ግን በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ኮላ ከዚያ ወሰን አንድ ሺህ እጥፍ አሲዳማ ነው። ስኳር የሌለበት «ዳይት» የሚባለውም ቢሆን ስኳሩን እንጂ አሲዱን አልተወም።

እንጀራም ጎምዛዛ ነው እኮ፣ የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ፒኤች ከ4 በታች ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን እንጀራ በወጥ ተጠቅልሎ ይጎረሳል፣ ይታኘካል፣ ይዋጣል፤ አፍ ውስጥ ሲንቆረቆር አይውልም። ማኘኩ ራሱ ምራቅ ያፈልቃል። የጥርስ ዋነኛ ጠባቂ ደግሞ ምራቅ ነው። በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይመነጫል፤ አሲድን ያረግባል፣ የያዘውን ካልሲየምና ፎስፌት ወደ ሳሳው ኢናሜል ይመልሳል። የጠረሰው የልጁ ጥርስ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ የሚለሰልሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። መጠገን የሚችለው ግን ማዕድኑ የሳሳበትን ብቻ ነው፤ የተቦረቦረውን አይሞላም።

እስካሁን የተነሣው ከምግቡና ከመጠጡ በቀጥታ የሚመጣው አሲድ ነው። ይበልጥ ጥርስ የሚያስነቅለው ሌላው ነው፤ እዚያው አፍ ውስጥ የሚጠመቀው። ጥርስ ላይ በተጋገረው ስስ ዝቃጭ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ በልተው አሲድ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሮበርት ስቴፋን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎች በስኳር ውሃ እንዲጉመጠመጡ አድርጎ ጥርስ ላይ ያለውን ፒኤች ለካ። በደቂቃዎች ውስጥ አሽቆለቆለ። ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፈጀበት። መውረዱ ፈጣን፣ መውጣቱ አዝጋሚ የሆነው ያ መስመር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ይህን መስመር ይዞ ወደ ቡና መቀመጥ ነው። ያለ ስኳር የተጠጣ ቡና ፒኤቹ 5 ገደማ ነው፤ ከ5.5 ጥቂት ቢያንስም ብዙም አያስከፋም። አቦል በሁለት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ ግን ጥርስ ላይ ያለው ፒኤች ይወርዳል። ምራቅ ማስተካከል ሲጀምር ቶና ይቀዳል። እሱ ሳይረግብ በረካ ይከተላል። በመካከሉ ፈንዲሻ አለ፤ ገለባው በጥርስና በድድ መካከል ይሰነቀርና እስከ ማታ ይቆያል። ሦስቱ ሲኒ አንድ ላይ ተደምሮ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያነሰ ስኳር ሊይዝ ይችላል። ጥርስ ግን ድምሩን አያውቅም። የሚያውቀው ስንት ጊዜ እንደ ተነከረና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከምሳ ጋር ጠጥቶ የጨረሰ ሰው፣ ያንኑ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ከረፋድ እስከ ማታ አንድ አንድ እየተጎነጨ ከዋለው ይሻላል።

ይህ የተረጋገጠው በሚያሳፍር መንገድ ነው። በስዊድን፣ ሉንድ ከተማ በሚገኘው ቪፔሆልም የተባለ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀ ሙከራ ተካሄደ። ታካሚዎቹ ሳይጠየቁና ሳይፈቅዱ በተለያየ መንገድ ስኳር ተሰጣቸው። ለአንዳንዶቹ ከምግብ ጋር፣ ለሌሎቹ ደግሞ በምግብ መካከል ጥርስ ላይ እንዲጣበቅ ተደርጎ የተሠራ ከረሜላ፤ በአንዱ ቡድን በቀን 24 ድረስ። ከምግብ ጋር ስኳር የበሉት ጥርስ ብዙም አልተለወጠም። በየመሐሉ ከረሜላ የላሱት ጥርስ ግን ክፉኛ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ስዊድናውያን ልጆቻቸውን ጣፋጭ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ብቻ እንዲበሉ ማስለመድ ጀመሩ። ልማዱ አሁንም አለ። የተማሩት ግን ምርጫ ባልነበራቸው ሰዎች ጥርስ ነው።

ጫት የሚቅም ሰው ሁለቱን ጉዳት በአንድ ጉንጭ ይይዛል። ጫት አፍ ያደርቃል፤ ምራቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት ምራቅ ይቀንሳል። ምሬቱን ለማጥፋት ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ለሰዓታት ይከታተላል። በእንቅልፍ ሰዓትም ምራቅ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ጣፋጭ ወተት ወይም ስኳር ያለው ሻይ የያዘ ጡጦ አፉ ላይ እንዳለ የሚተኛ ሕፃን የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ገና ሳያድጉ እየጠቆሩ የሚሸራረፉት ለዚህ ነው።

ጥርስ ከተቦረቦረ በኋላ የሚመጣው ሙሌት ነው። ብዙ ሰው የተሞላ ጥርስ ከእንግዲህ ምንም አይነካውም ብሎ ያምናል። ሙሌቱ ራሱ እውነትም አይነቅዝም። ችግሩ ከጥርሱ ጋር የሚገጥምበት ስፌት ነው።

ነጩን ሙሌት፣ ኮምፖዚት የሚባለውን፣ ሐኪሙ ከመሙላቱ በፊት ጥርሱ ላይ ሰማያዊ ቅባት የመሰለ ነገር ለ15 ወይም 30 ሰከንድ ይቀባና በውሃ ያጥባል። ሲደርቅ ያ የጥርስ ክፍል እንደ ኖራ ነጣ ብሎ ይታያል። የተቀባው ፎስፎሪክ አሲድ ነው፤ ኮላ ውስጥ ያለው ያው አሲድ፣ እጅግ በርትቶ። ሐኪሙ ጥርሱን ሆን ብሎ አጠረሰው ማለት ነው። ሐሳቡ የማይክል ቦኖኮር ነው፤ ፋብሪካዎች ብረት ቀለም እንዲይዝላቸው በዚህ አሲድ እንደሚያዘጋጁት አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1955 ጥርስ ላይ ሞከረው። አሲዱ በኢናሜሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ይቆፍራል፤ ፈሳሹ ሙጫ እዚያ ገብቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲደነድን ጥርሱን ጨምድዶ ይይዛል። በአንድ በኩል ጥርስ የሚያጠፋው አሲድ በሌላ በኩል ሙሌትን የሚያስይዘው እሱው መሆኑ ከጥርስ ሕክምና ታሪክ ሁሉ የሚያስገርም ነው።

ሙጫው ሲደነድን ግን በትንሹ ይኮማተራል። ጠርዙ ላይ ክር የማያክል ክፍተት ከቀረ ይበቃል፤ ጥርስ የሚያበላሸው ባክቴሪያ መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነውና መግቢያ አይቸግረውም። ከዚያ በተጨማሪ ትኩስና ቀዝቃዛ አለ። ፍል ቡና ተጠጥቶ ወዲያው የፍሪጅ ውሃ ሲከተል ጥርሱም ሙሌቱም ይለጠጣሉ፣ ይኮማተራሉ፤ ነገር ግን እኩል አይደለም። ብረት መሳዩ አማልጋም ከኢናሜል በእጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ ኮምፖዚት ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። አንድ ቀን ምንም አያመጣም። በዓመታት ውስጥ ግን ስፌቱን ያላላዋል፤ ስኳሩና አሲዱ በዚያ በኩል ገብተው ከሙሌቱ ሥር ሁለተኛ ቡርቦራ ይጀምራሉ።

ነጩ ሙሌት ቀለም ይጠጣል። በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ትልቁ ቀቢ ቡና ወይም ሻይ እንዳይመስል፤ የአልጫ ወጥ እርድ ከሁለቱም ይብሳል። ፊት ጥርሱን አስሞልቶ በማግስቱ ድንች አልጫ የጠገበ ሰው በመስታወት ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አልኮልም የኮምፖዚትን ሙጫ በጊዜ ብዛት ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ አረቄ ከጠጅ፣ ጠጅም ከጠላ የበለጠ ያሳስባል። ይህ ግን አዘውትሮ ለሚጠጣ እንጂ በበዓል ለሚቀምስ አይደለም።

አማልጋም ቀለም አይጠጣም፣ አሲድም ብዙ አይበግረውም። ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር እንዳይሞላበት ከልክሏል። ብዙ ሰው ግን ከዓመታት በፊት ያስሞላውን አሁንም ይዞ ይዞራል። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በተሞላበት ቀን በዚያ ጎን ቆሎ መቆርጠም ሙሌቱን መስበር ነው። የማስቲካ ብርማ ወረቀት ከአማልጋም ጋር ሲነካካ ደግሞ ጥርስ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ምራቅ ውስጥ ሲገናኙ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉና እውነተኛ ኤሌክትሪክ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ግላስ አዮኖመር ነው። ከጥርሱ ጋር በራሱ ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ያወጣል። መብራት በሌለበት ገጠር በእጅ መሣሪያ ብቻ ቡርቦራን ጠርጎ በዚህ የመሙላት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ተጀምሮ ብዙ አገር ደርሷል። ደካማ ጎኑ አሲድ ነው። ሎሚና ለስላሳ የሚያዘወትር ሰው አፍ ውስጥ ገጹ ቶሎ ይበላል።

ለሁሉም ዓይነት የማይበጁ ልማዶችም አሉ። የለስላሳ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ አጥንት መስበር፣ ሽምብራ ቆሎ ውስጥ የተደበቀች ጠጠር። ትልቅ ሙሌት ያለበት መንጋጋ ዙሪያው ስስ ግድግዳ ነው፤ ጠጠሯ ስትመጣ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ሙሌቱ ሳይሆን እሱ ነው።

ፍሎራይድ ከተነሣ ወንጂን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ፍሎራይድ ኢናሜልን ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የጥርሱ ሽፋን ገና በድድ ውስጥ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ በመጠጥ ውሃ ከልክ በላይ ከገባ ጥርሱ ነጭና ቡናማ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በእጅጉ ይበልጣሉ፤ በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ዘንድ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንት ደርሶ ነበር። ባክቴሪያዎቹን የሚመግበው ስኳር የሚመረትበት ቦታ በውሃው ጥርስ የሚያቀልም መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው።

ማዕድ ላይ ጥርስን የሚረዳም አለ። አይብ ካልሲየምና ፎስፌት ይሰጣል፣ ምራቅም ያፈልቃል። ከበረካ በኋላ በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ ስኳሩን ያጥባል። ሎሚ ወይም ለስላሳ ተጠጥቶ ወዲያው መቦረሽ ግን ስሕተት ነው፤ መፋቂያም ቢሆን ያው ነው። የጠረሰ ኢናሜል ጥንካሬው ስለቀነሰ አብሮ ይፋቃል። ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ለምራቅ መተው ይሻላል።

ያስሞላ ሰው ምላሱን ያዳምጥ። ቁርጥ ሥጋ በበላ ቁጥር አንድ ቦታ የሚሰነቀርበት ከሆነ፣ ምላሱ ትናንት ያልነበረ ሻካራ ጠርዝ ካገኘ፣ ወይም ነጩ ሙሌት ዙሪያውን ጥቁር መስመር ካወጣ ሕመም ሳይጠብቅ ይታይ። ኢናሜል ነርቭ የለውም፤ የስፌቱ መላላት አያምም። ጠርዙን ጠርጎ መጠገን ብዙ ጊዜ የአንድ ቀጠሮ ሥራ ነው። ነርቩ ከተመረዘ በኋላ ግን የሚቀረው ሥሩን ማከም ወይም ጥርሱን መንቀል ነው።