የሚያመው እግር እና የማያመው እግር

እግሩን የታመመ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሲበረታበት ነው፤ ቤተሰቡም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም ራሱ፣ የጉዳቱን ክብደት በሕመሙ መጠን ይለካዋል። ከቁርጭምጭሚት በታች ግን ይህ ሚዛን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። እግሩ ወለም ያለው ወጣት በሁለት ሰው ተደግፎ፣ እያቃሰተ ይገባና ያለ ቀዶ ሕክምና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ለዓመታት ከስኳር በሽታ ጋር የኖረው ሰው ደግሞ ውስጥ እግሩ ላይ ቁስል ይዞ፣ ሳያነክስና ቅሬታ ሳያሰማ ለመድኃኒት ብቻ ተራውን ጠብቆ ይመለሳል። እግሩን የማጣት አደጋ ያለበት ይህ ሁለተኛው ነው።

በአዲስ አበባ የጳውሎስ አካባቢ ይህን ልዩነት በየቀኑ ለመመልከት ይመቻል። የጉለሌ ምድር ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ሽቅብና ቁልቁል እያለ ወደ መሃል ከተማ ይወርዳል፤ ከደኑ እንጨት ተሸክመው በዳገቱ የሚወርዱ ሴቶች፣ በሽሮ ሜዳና በዙሪያው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከትተው መርገጫውን ሲረግጡ የሚውሉ ሸማኔዎች፣ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ስስ ነጠላ ጫማ አድርገው ሸክም የሚያመላልሱ የቀን ሠራተኞች ሁሉ ኑሯቸው በእግራቸው ላይ የቆመ ነው። ከሰፈሩ ጋር ስሙን የሚጋራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም፣ በሥሩ ያለውና በአደጋና በቃጠሎ ሕክምና ላይ የተሰማራው አቤት ሆስፒታልም የሚቀበሉት የሰፈሩን ሰው ብቻ ሳይሆን ከየክልሉ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣውን ጭምር ስለሆነ፣ የከተማውም የገጠሩም የእግር ችግር እዚህ ይገናኛል።

ከሁሉ የሚበዛው ወለምታ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጎን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ፤ ከሦስቱ የውጭ ጅማቶች ቀድሞ የሚጎዳው የፊተኛው በመሆኑ እብጠቱና የበለዘው ቆዳ በዚያው በኩል ይታያል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አጥንት ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም የሚለው ነው። ለዚህ ራጅ ለሁሉም ማንሣት እንደማያስፈልግ በካናዳ ኦታዋ ከተማ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተጠና ደንብ አሳይቷል፤ ደንቡም በአንድ ጣትና በአራት እርምጃ የሚሠራ ነው። መርማሪው በሁለቱም ጎን ያለውን የቁርጭምጭሚት ጉብታ ጫፍ፣ ከጫፉም ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን የአጥንቱን የኋላ ጠርዝ ይጫናል፤ ቀጥሎ በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ መካከል ላይ ጎልቶ የሚዳሰሰውን የአምስተኛውን ረጅም አጥንት ሥር፣ በውስጥ በኩል ደግሞ በእግር ቅስቱ አናት ላይ ያለውን አጥንት ይዳስሳል። በእነዚህ ቦታዎች አጥንቱ ሲጫኑት የማያም ከሆነ፣ ተጎጂውም እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ከቻለ፣ ራጅ ሊያሳየው የሚገባ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። ራጅ ለማስነሣት ግማሽ ቀን በሚወረፍበትና ክፍያውም በሚከብድበት አገር ይህ ደንብ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሕመምን ተመርኩዞ የሚፈርድ ስለሆነ ለሕፃን፣ ለሰከረ ሰው፣ ከሁሉም በላይ የእግሩ ስሜት ለደነዘዘ ሰው እንደማይሠራ መታወቅ አለበት።

ስብራት የሌለበት ወለምታ ሕክምናው ቀላል ቢሆንም በልማድ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በቅቤ አጥብቆ ማሸትና በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ በተጎዳው ሥጋ ውስጥ የሚፈሰውን ደም ያበዛል እንጂ አያደርቅም፤ የሚሻለው እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ በትራስ ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ በየተወሰነ ሰዓቱ ማድረግ፣ ጣቶቹን በማያደነዝዝ ልክ በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል ነው። ከዚያ በኋላ የሚጎዳው ከልክ ያለፈ ዕረፍት ነው፤ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቶሎ መርገጥ የጀመረ ሰው ለሳምንታት ከተኛው ይልቅ ፈጥኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሕመምተኞች የሚዘነጉት፣ ባለሙያዎችም በችኮላ ሳይነግሩ የሚያልፉት ደግሞ የሚዛን ልምምድ ነው፤ ጅማት ውስጥ ያሉት፣ እግር ያለበትን አቅጣጫ ለአንጎል የሚናገሩት ነርቮች አብረው ስለሚጎዱ፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በአንድ እግር መቆምን ያልተለማመደ ሰው በዚያው በኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ወለም ይለዋል።

ወጌሻን በተመለከተ በነጭ ጋዋን ለባሾች ዘንድ የሚሰማው ንቀት ብዙም አይጠቅምም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያነጋግራል፤ ስብራቱ ካልተዛነፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጥንቱ በራሱ ይጋጠማል። ጉዳቱ የሚመጣው ከቀርከሃው ማሰሪያ ጥብቀት ነው፤ እግሩ ሲያብጥ ማሰሪያው አብሮ ስለማይሰፋ ደም ይቆማል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ጋንግሪን የሚባለው ጥቁረት ይከተልና መቁረጥ ግድ ይሆናል። በኢትዮጵያ ገጠር ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እግሮች መቀነሳቸው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ተጽፏል። ለሕዝቡም ለወጌሻውም አንድ ነገር ማስረዳት ይበቃል፦ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት፤ እስኪነጋ መጠበቅ አይቻልም። በሆስፒታል ለተደረገ ጄሶም ሕጉ ይኸው ነው።

ከወለምታ ጋር የሚምታታው የተረከዝ ጅማት መበጠስ ነው። ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያገናኘው ይህ ጅማት በሰውነት ውስጥ ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ የሯጮችም ጠላት ሆኖ ኖሯል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ጅማቱ ታምሞበት ሲሆን ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ሲበጠስ ግን ተጎጂው አብዛኛውን ጊዜ ሯጭ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን ኳስ የሚጫወት ጎልማሳ ነው፤ ከኋላ ሰው የመታው መስሎት ዞር ይላል፣ ሕመሙም ቶሎ ስለሚበርድለትና በሌሎች ጅማቶች እየታገዘ መራመድ ስለሚችል ወለም ብሎት ነው ተብሎ ይሸኛል። መለያው ቀላል ነው፤ በሆዱ ተኝቶ እግሮቹ ከአልጋው ጫፍ ሲንጠለጠሉ ባቱ ይጨመቃል፣ ደህነኛው እግር ወደ ታች ጎንበስ ሲል የተበጠሰው አይንቀሳቀስም። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይህን ጅማት እንደሚያዳክሙ፣ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ሰዎች፣ በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው በላይ በቃል ሊነገር የሚገባው ነው።

ስለ ተረከዝ ሕመም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ እንደ እሾህ የሚወጋ ከሆነና ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ረገብ የሚል ከሆነ፣ የተጎዳው ከተረከዝ ተነሥቶ ወደ ጣቶች የሚዘረጋው የውስጥ እግር ሽፋን ነው። በራጅ ላይ የሚታየው ትንሽ የአጥንት ሹል ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም የሚገኝ በመሆኑ ሊያስፈራ አይገባም። ተረከዙ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ፣ ጠዋት ከመርገጥ በፊት ጣቶችን በእጅ ወደ ቅልጥም ስቦ አሥር ሰከንድ እየያዙ አሥር ጊዜ መደጋገም፣ ከዚያም ወራት የሚጠይቅ ትዕግሥት አብዛኛውን ሰው ያድናል። በመርፌ የሚሰጠው ስቴሮይድ ለጥቂት ጊዜ ቢያስታግስም ሽፋኑን ሊበጥስ ስለሚችል የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም።

ከገጠር ከሚመጡት ዘንድ የሚታየው የእግር እብጠት ሌላ ጉዳይ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚያርሱ ሰዎችን የሚይዘውና ሕዝቡ ዝሆኔ ከሚላቸው አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ አለት ከተገኘ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት በቆዳ ሰርገው፣ ከሰውነት ፈሳሽ የሚያጓጉዙትን የሊምፍ ቱቦዎች በማቁሰላቸው ነው፤ ይህንን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ያጠናውና ለበሽታው ስም የሰጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። ሁለቱም እግሮች ያብጣሉ፣ እብጠቱም ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ በቆላ በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ይጀምራል፣ ብሽሽትንም ይነካል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ ሕዝቡ ርግማን ነው እንዲል አድርጎታል፤ በዘር የሚወረሰው ግን በሽታው ሳይሆን በአፈሩ የመጎዳት ዝንባሌ መሆኑን በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ የዘረመል ጥናት በ2012 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ሕክምናው ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው፤ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ይህ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ትኩሳትና ከባድ ሕመም የሚያመጣውን ድንገተኛ የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ቀደምት ምልክቱ፣ ማለትም የእግር የፊተኛው ክፍል ማሳከክና ማቃጠል፣ ጫማ ማድረግ ብቻውን ሊያቆመው በሚችልበት ጊዜ የሚታይ መሆኑ ነው የሚያስቆጨው።

አሁን ወደ ማያመው እግር መመለስ ይገባል። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ሲበዛ ረጃጅሞቹን ነርቮች ከጫፋቸው ጀምሮ ይገድላል፤ ሕመምተኛው መጀመሪያ እግሩን እንደሚያቃጥለው፣ ቀጥሎም ጥጥ ላይ የሚረግጥ እንደሚመስለው ይናገራል፣ በመጨረሻ ምንም አይልም። ዝምታው መሻል ይመስላል። ብርድ በሚበረታበት የጉለሌ ምሽት እግሩን ወደ ከሰል ምድጃ ያስጠጋና ይቃጠላል፣ አይሰማውም፤ በጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ ይራመዳል፣ አይሰማውም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ወይም መስጊድ ሲገባ ጫማውን ማውለቁ ግድ ነውና ስባሪ ይረግጣል፣ ይህም አይሰማውም። ባለሙያው አምልኮውን መከልከል አይችልም፣ አይገባውምም፤ ንጹሕና ወፍራም ካልሲ አድርጎ እንዲገባ፣ ሲመለስም ውስጥ እግሩን በመስታወት ወይም በቤተሰቡ ዓይን እንዲያስፈትሽ መንገር ግን ይችላል።

የደነዘዘን እግር ለማወቅ ልዩ መሣሪያ ባይኖርም ይቻላል። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ መርማሪው በእያንዳንዱ እግር የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ በሌባ ጣቱ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በቀስታ ይነካል፣ ሳይጫንና ሳያሻሽ። ከስድስቱ ንክኪዎች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት እግሩ አደጋ ላይ ነው። ከዚያም በእግሩ ጀርባና ከውስጠኛው ጉብታ በስተኋላ የደም ሥሩ ትርታ ይፈለጋል፣ በጣቶች መካከል ያለው ቆዳና የደደረው የውስጥ እግር ቆዳ ይታያል፤ የደደረ ቆዳ ሥር ብዙ ጊዜ ቁስል ተደብቆ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሕመምተኛው ጫማውን ሳያወልቅ ስለሚገባና ሐኪሙም ወረፋው ስለሚያስጨንቀው ነው። በመጠበቂያው ላይ እያሉ ጫማና ካልሲ እንዲያወልቁ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያስፈልገው አንድ ነርስ ይህን ማዘዟ ነው።

እንደዚህ ባለ እግር ላይ በተለይ የሚያሳስተው ድንገት የሚያብጥ፣ የሚቀላና የሚሞቅ፣ ነገር ግን እምብዛም የማያመው እግር ነው። ቁስልም ትኩሳትም ሳይኖር ከሌላኛው እግር ይበልጥ የሚሞቅ ከሆነ፣ በፈረንሳዊው ሐኪም በሻርኮ ስም የሚጠራው የአጥንትና የመገጣጠሚያ መፈራረስ መጠርጠር አለበት። ሪህ ነው ወይም ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት እየተሰጠው እየተራመደ ከቀጠለ የእግሩ ቅስት በሳምንታት ውስጥ ይደረመሳል፤ በጄሶ ታስሮ ክብደት ከወረደለት ግን ቅርጹን ይዞ ሊድን ይችላል።

ውስጥ እግር ላይ ለሚወጣው ቁስልም የሚረዳው ከቅባቱ ይልቅ ክብደትን ማንሣቱ ነው። ይህን ያስተማረው ሥጋ ደዌ ነው። በሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ጣትና እግር የሚጠፋው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ስሜት የሌለው አካል ሳይጠበቅ ስለሚጎዳ መሆኑን አሳየ፤ እግሩን በሙሉ አጥብቆ የሚነካና ክብደቱን በመላው ውስጥ እግር ላይ የሚያከፋፍል ጄሶ ቁስልን እንደሚያድንም አስተማረ፣ በኋላም ዘዴውን በአሜሪካ ሉዊዚያና ለስኳር ሕመምተኞች አዋለው። አዲስ አበባ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ የነበረው አለርት ያለባት ከተማ ናት፤ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ የመሥራትና ቁስልን ከክብደት የማሳረፍ ዕውቀት አለርት በሚገኝበት በዘነበወርቅ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። የስኳር ሕመምተኛው ግን ይህ ዕውቀት እንዳለ ሳይነገረው ቁስሉን በጨው ውኃ እየዘፈዘፈና በላዩ እየረገጠ ይከርማል። ደም በደንብ የሚደርሰውና በጥልቅ ኢንፌክሽን ያልተያዘ ቁስል በአግባቡ በተሠራ ጄሶ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ይዘጋል፤ ትርታው የጠፋ፣ የሸተተ ወይም የጠቆረ እግር ግን ጄሶ የሚደረግለት ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ሕክምና የሚላክ ነው፣ ሕመምተኛው ምንም አላመመኝም ቢልም።