ግዙፉ አቆስጣ ለምን ቀድሞ ይሞታል?

ግዙፍ የሆነ ሁሉ ብዙ ዘመን የሚኖር ይመስላችኋል? በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚኖረው ባለ ፀጉሩ አቆስጣ፣ ብዙዎች ሲል የሚሉት እንስሳ፣ እንዲህ አይደለም።

ወንዱ እስከ 2.1 ሜትር ይረዝማል፤ እስከ 270 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሴቷ ርዝመቷ እስከ 1.5 ሜትር ሲሆን ክብደቷ በአብዛኛው ከ60 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ሲወለዱ ግን ሁለቱም 5 ወይም 6 ኪሎ ግራም ገደማ ናቸው። ዕድሜያቸውስ? ወንዱ እስከ 18 ዓመት፣ ሴቷ ደግሞ እስከ 27 ዓመት ልትኖር ትችላለች።

የወንዱ ሕይወት ብርቱ ትግል ነው። በመራቢያው ወራት በአላስካ ፕሪቢሎፍ ደሴቶች ዳርቻ ክልሉን ከተቀናቃኞቹ ሲጠብቅ ለሳምንታት ምግብ አይቀምስም። የሚኖረው ባከማቸው ስብ ነው። ግዝፈቱ ለዚህ ይጠቅመዋል፤ ትግሉ ግን አቅሙን ያሟጥጠዋል።

ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ግን ሰው ነበር። አዳኞች ለፀጉሩ ሲሉ ሊያጠፉት በተቃረቡበት ጊዜ፣ በ1911 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጃፓንና ሩሲያ በባሕር ላይ እንዳይታደን ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አገገመ፤ ዛሬ ግን በፕሪቢሎፍ እንደገና ቀንሷል። ስለዚህ ሴቷ 27 ዓመቷን እንድትኖር ባሕሩም ዓሣውም ሊጠበቅላት ይገባል።