የቀጥቃጩን ዘር ፍለጋ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ አንጥረኛ የልጅ ልጆች ዘራቸውን ለማወቅ ብዙ አይቸገሩም። ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ ሰፍሯል። ከ1841 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየ10 ዓመቱ የተደረገው ቆጠራም የየሰዉን ስምና መተዳደሪያ ይዟል። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢገኙ ሙያቸው ይለያቸዋል።

ወላይታ ውስጥ ግን ቤተሰብ አስቀድሞ የሚዘለው ሙያውን ነው። ገበሬው በቀጥቃጩ ማጭድ እያጨደ፣ ጭናሻ በሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ማሰሮ እያበሰለ፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ቶሎ አልጠፋም። ስለዚህ «አያትዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ገበሬ ነበሩ» ብሎ ቢያልፍ አይገርምም።

እንዲህ ሲሆን መንገዱ በሴቶቹ በኩል ነው። የወላይታ ሰው ጎሳውን ከአባቱ ይወርሳል፤ ጎሳዎቹም ማላና ዶጋላ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። ከገዛ ጎሳ ማግባት ነውር ስለሆነ የሚስት ጎሳ ከባል ይለያል። ባለእጆች ደግሞ በአብዛኛው እርስ በርሳቸው ይጋቡ ነበር። ስለዚህ «እናታቸው የማን ልጅ ናቸው? ከየትኛው ገበያ አካባቢ መጡ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከአንዱ ወናፍ ወደ ሌላው ወናፍ የሚወስደውን ዱካ ያገኛል። ያገለላቸው ክልከላ ለዘር ቆጣሪው ፍለጋውን አጥብቦለታል።

ጽሑፍ የሚገኘው በየዘመኑ በተለያየ ቦታ ነው። ምኒልክ የወላይታውን ንጉሥ ካዎ ጦናን ድል ባደረጉበት በ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ብዙ ሰው ተማርኮ ወደ ሸዋ ተወስዷል። ምርኮኛ ክርስትና ሲነሣ አዲስ ስም ከወጣለት የዘር ሐረጉ እዚያ ላይ የተቆረጠ ይመስላል። የወላይታ ከተማ ወደሆነችው ሶዶ በ1920 ዓ.ም. ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው የፕሮቴስታንት ድርጅት ሚስዮናውያን ገቡ፤ የኦቶና ሆስፒታልም ታሪክ ከእነሱ ይነሣል። ሆኖም ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው በወላይታ ያጠመቋቸው 48 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ የዚያ ዘመን የጥምቀት መዝገብ የሚጠቅመው ለጥቂት ቤተሰብ ነው። የመሬት ግብር ደረሰኝ የከፋዩን ስም ከነአባቱ ያሳያል፤ መሬት ያልነበረው ባለእጅ ግን እዚያ አይገኝም። አገር አቀፉ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበትን ልደት በታወቀ ነገር መለካት ይቻላል። «ጣሊያን ሲገባ ከብት ይጠብቅ ነበር» የተባለ ልጅ ያኔ አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው የተወለደው በ1918 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በአባትና በልጅ መካከል ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢታሰብ አባቱ ከጦና መማረክ በኋላ ባሉት ዓመታት ይወለዳል፤ አያቱ ግን ዘመቻውን በዓይኑ ሳያይ አልቀረም።

ሽማግሌዎችን ለየብቻ መጠየቅ ይሻላል፤ አብረው ከተቀመጡ ታናሹ ታላቁን አክብሮ ዝም ይላል። ቃላቸው ካልተስማማም አንዱን መርጦ ሌላውን ከመሰረዝ፣ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስም መጻፍ ነው። ኋላ የሚገኝ ደረሰኝ ወይም የጋብቻ ወሬ የትኛው ትክክል እንደሆነ ይለያል።